በሁለት ብረቶች መካከል

አባታቸው ሲሞቱ ለሁለቱ ወንድማማቾች የተረፋቸው አንድ አምፕሊፋየር፣ አራት ሞንታርቦና በደሴ ከተማ የተከበረ የአባት ስም ነበር። ሰርግ ሲደገስም ሆነ ሐዘን ሲደርስ፣ ማኅበርም ይሁን መውሊድ፣ ድንኳን ተተክሎ ድምፅ ካስፈለገ የሚጠሩት እኚያ አባት ነበሩ። ለሰርግ ዋጋ ይናገራሉ፤ ለለቅሶ ሲጠየቁ ግን “የሰጣችሁኝን” ይላሉ።

አምፕሊፋየሩ ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ አባትየውና አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወዳጃቸው፣ ፒያሳ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው፣ በእጃቸው የገጣጠሙት ነው። ድምፁን አጉልተው ወደ ስፒከሮቹ የሚገፉት ሁለት ትራንዚስተሮች ናቸው፤ 2ኤን3055 እና ጥንዱ ኤምጄ2955። መቀመጫቸው ሞላላ፣ ክዳናቸው ክብ፣ ሁለመናቸው ብረት ነው። አንዱ የድምፁን ሞገድ የላይኛውን ግማሽ ይገፋል፤ ሌላው የታችኛውን ግማሽ ይስባል። አንዱ የሞተ እንደሆነ የሚወጣው ድምፅ የተቆራረጠና የሚሻክር ነው እንጂ ዘፈን አይባልም።

ከሶኬት የሚመጣው ኃይል ሁሉ ድምፅ ሆኖ አይወጣም። ብዙው እዚያው ትራንዚስተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በዚህ አምፕሊፋየር እያንዳንዱ ትራንዚስተር ሥራ ሲከብደው እስከ 20 ዋት ገደማ ሙቀት ያፈልቃል። 20 ዋት ለክፍሉ አየር ምንም አይደለም። ከሽንብራ ፍሬ ለማትበልጥ የሲልከን ቁራጭ ግን መውጫ ካላገኘ ሞቷ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ትራንዚስተሮች ክንፍ ክንፍ ባለው ወፍራም አልሙኒየም ላይ ታሰሩ፤ ባለሙያዎቹ ሂት ሲንክ የሚሉት ነው። ጠጋኙ ሂት ሲንኩን ሲመርጡ መጽሐፉ ከሚለው ተለቅ ያለውን ወሰዱ። የመጽሐፉ ስሌት የተሠራው በባሕር ጠለል ላለ አየር ነው፤ ደሴ ግን ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፣ አየሯ ስስ ነው፣ ስስ አየርም በክንፎቹ መሀል ሲያልፍ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። የሞቀ አየር መንገዱ ወደ ላይ ነውና ክንፎቹም ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርገው አሰሩት።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። የትራንዚስተሩ ብረት ልብስ ብቻ አይደለም። ከውስጥ ካለው ሲልከን ጋር የተያያዘ ኮሌክተር ነው፣ ኮረንቲ አለበት። በአንደኛው አካል ላይ 28 ቮልት ፖዘቲቭ፣ በሌላው ላይ 28 ቮልት ኔጋቲቭ ቆሟል። ሂት ሲንኩ ደግሞ ከሳጥኑ ጋር የታሰረ ነው፤ ሳጥኑም ግራውንድ ነው። ሙቀቱ “ተጠጋ” ይላል፤ ኮረንቲው “እንዳትነካ” ይላል። ሁለቱንም ትእዛዝ የምትፈጽመው ከመሀል የምትገባ አንዲት የሚካ ቅጠል ናት። ሚካ ማዕድን ናት፤ ከድንጋይዋ ላይ ገጽ በገጽ እየተላጠች ትወጣለች። ውፍረቷ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል፣ ብርሃን ያልፍባታል፣ በዚያ ስስነቷ ግን ከሺህ ቮልት በላይ ትመክታለች። ሙቀቱን ታሳልፋለች፤ ኮረንቲውን አታሳልፍም።

እንዲህ ሆኖ ስለተሠራ አምፕሊፋየሩ ከባለቤቱ የረዘመ ዕድሜ አገኘ። የልጆቹ ፍቅር ግን ያን ያህል አልቆየም።

ነገሩ የተነሣው ከሂሳብ ነው። ታላቅየው ደብተር ያዥ ነበር፤ ታናሽየው ዕቃ ተሸካሚና ገጣጣሚ። አንዱ “አባታችን ያመነው እኔን ነው” ይላል፤ ሌላው “ከአባታችን ጋር የሌሊት ብርድ የመታኝ እኔ ነኝ” ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ጠቡ ያልበረደውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የአጎታቸው ልጅ መሀል ገባ። ቅን ሰው ነበር፤ ቅንነቱ ግን የሰማውን ሁሉ ሳያስቀር ማድረስ ነበር። ታናሽየው “ሌባ ነው” ካለ “ሌባ ነህ ብሎሃል” ብሎ ያደርሳል። ታላቅየው “ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም” ካለ ያንኑ ከነቃሉ ይመልሳል። “እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም” ይል ነበር፤ ደግሞም አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ በገበያ መሀል ዱላ ተማዘዙ።

በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ላይ ሰርግ ነበር። በጭፈራው መካከል አንደኛው ትራንዚስተር ተሰናበተ። ታናሽየው እዚያው በባትሪ ብርሃን ካቻቢቴ አንሥቶ ለወጠው፤ የአዲሱ እግሮች አልገባ ቢሉት የሂት ሲንኩን ቀዳዳ በትራፓን አሰፋው። አሮጌውን ሲነቅል ከሥሩ አንዲት ብርሃን የምታሳልፍ ስስ ነገር ተጣብቃ አገኘ። “ይህ ነው ሙቀቱን የከለከለው፤ ብረት ብረትን ቢነካ ይሻላል” ብሎ ላጣትና ጣላት። ሲያበራው ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ፊውዝ አልነበረውም፤ የመዳብ ክር ጠመጠመበት። ከዚያ በኋላ ከሳጥኑ የወጣው ጭስ ነው። ትራንስፎርመሩ ነደደ፣ ሙሽሮቹም ያለ ዘፈን ወጡ።

ዱላው ሲመዘዝ የሠፈር ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ነገሩ ሲግል አይተው ነበርና ለያዩአቸው። ዕቃው ከታላቅየው ቤት ይቀመጥ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ከታናሽየው ይሁን፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው አይምጣ፣ አይነጋገሩ። እናትየውም ጭቅጭቁን እንዳይሰሙ ተብሎ ወረኢሉ ወደምትኖረው ሴት ልጃቸው ተላኩ። ጸጥታ ሆነ። ሽማግሎቹ ጸጥታውን ዕርቅ ብለው መርቀው ተበተኑ። በእያንዳንዳቸው ደረት ውስጥ ግን ነገሩ መውጫ አጥቶ ይፋጅ ነበር።

ታላቅየው ትራንስፎርመሩን አስጠምጥሞ፣ ሁለት አዳዲስ ትራንዚስተሮች ገዝቶ፣ ራሱ ለመግጠም ተቀመጠ። ወንድሙ ያጠፋውን ያውቃል። “ከእንግዲህ አይነካኩም” ብሎ ከብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ቁራጭ ቆርጦ ከሥራቸው አነጠፈ። ቴስተሩን ቢያስነካ ዝም አለ፤ ደስ አለው። ተዝካር ላይ ወስዶ አበራው። ካህኑ ጸሎቱን ሳይጨርሱ ሞንታርቦዎቹ በአንድ ጊዜ ጓጉረው ጸጥ አሉ። ትራንዚስተሩ ከውስጥ ቀልጦ ስለተያያዘ 28ቱ ቮልት ቀጥታ ወደ ስፒከር ሄዶ የሁለቱን ጥቅል ሽቦ አቃጠለው።

አሁን ሁለቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ “እሱ ነው የገደለው።”

በመጨረሻ የሄዱት አባታቸው ወደሠሩባት ሱቅ ነው። ጠጋኙ አርጅተዋል፣ መነጽራቸው ወፍሯል። አሁን የምትረዳቸው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣች አንዲት ወጣት ናት። ታላቅየው ሳጥኑን ተሸክሞ ገባ፤ ታናሽየው ቁልፉን ይዞ ከደጅ ቆመ።

“አንተም ግባ” አሉት ጠጋኙ።

“አንድ ላይ እንዳንቀመጥ ሽማግሎቹ…”

“ይቺ ሱቅ ሁለት ክፍል የላትም። ግባ።”

ክዳኑን ከፈቱ። የተንጨረጨረው ጎማ ይሸታል። ፊውዙ ላይ የመዳብ ክሩ እንደተጠመጠመ አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች እኩል አፋቸውን ከፈቱ፤ ጠጋኙ ግን ማን ምን እንዳደረገ አልጠየቁም። ጎማውን በፒንሳ አንሥተው ለልጅቷ ሰጧት። “ስሌቱን ሥሪልኝ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።”

ልጅቷ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች። “ጎማው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስፋት አንድ ዋት ሙቀት ለማሳለፍ ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይፈልጋል። 20 ዋት ሲሆን ከ200 ዲግሪ በላይ። ሂት ሲንኩ ራሱ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ከትራንዚስተሩ ውስጥ እስከ ብረቱ ድረስ ደግሞ 30 ይጨመራል። ውስጡ ወደ 300 ይጠጋል፤ የሚችለው 200 ነው።”

“በሚካስ?”

“ቅባት የተቀባች ሚካ ለአንድ ዋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ትወስዳለች። ለ20 ዋት 10 ዲግሪ። 60፣ 10፣ 30፤ ውስጡ 100 ዲግሪ ይሆናል።”

“ያለ ምንምስ? ብረት በብረት?” አለ ታናሽየው።

“ከሚካውም ይቀንሳል” አለች ልጅቷ። “ይበልጥ ይቀዘቅዛል።”

ታናሽየው ወንድሙን አየው። ጠጋኙ ቀበል አድርገው “አዎ፣ አልተሳሳትክም፣ ይቀዘቅዛል” አሉ። “ወንድምህም አልተሳሳተም፤ መነካካት የለባቸውም። ሁለታችሁም ግማሹን ታውቃላችሁ። ያቃጠላችሁት በምታውቁት ግማሽ ነው።”

ከመሳቢያቸው ሁለት አዳዲስ ትራንዚስተሮች አወጡ። በእጃቸው ላይ መዘኑአቸው፣ ጽሑፉን በማጉያ መነጽር አዩት። በገበያው ስሙ ብቻ የታተመበት፣ ከውስጡ ግን ያነሰ ሲልከን የገባበት ትራንዚስተር ሞልቷል፤ ሐቀኛ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚጠራጠረው ስሙን ነው። ከዚያ አንዱን ለታላቅየው፣ አንዱን ለታናሽየው ሰጡ። “የአባታችሁ ዕቃ ነው። እኔ አሳያለሁ፣ እናንተ ትገጥማላችሁ።”

ታላቅየው ሂት ሲንኩን ይዞ የተቃጠለውን ጎማ ሊፍቅ ወደ ጓሮ ወጣ። ገና ከመውጣቱ ታናሽየው ወደ ሽማግሌው ጆሮ ተጠጋ። “አባባ፣ እኔ ከዚህ ሌባ ጋር አልሠራም። የአባቴን ላብ ብቻውን የበላ ሌባ ነው፤ ይህንኑ ንገሩልኝ።”

ጠጋኙ ብሎኖቹን እየቆጠሩ ዝም አሉ። ታላቅየው ሲመለስ ቀና ብለው፦ “ወንድምህ የሂሳቡን ደብተር አይቶት አያውቅም፤ ይህ ውስጥ ውስጡን ያቃጥለዋል” አሉት።

ታላቅየው ደነገጠ። “እኔን እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።”

“አሁን ጠየቀህ።”

ታናሽየው ሮንዴላና ዳዶ እንዲገዛ ከጎን ወዳለው ሱቅ ሲላክ ደግሞ የታላቅየው ተራ ሆነ። “አባባ፣ ደብተሩን ባሳየው ለማን ሊያወራው ነው? አንድ ብርሌ ከቀመሰ የቤታችንን ገመና ለመንገደኛ የሚዘከዝክ ሰካራም ነው። አታውቁትም።” ታናሽየው ተመለሰ። ጠጋኙም፦ “ወንድምህ ደብተሩን አልከለክልም ብሏል፤ የቤታችሁ ነገር መንገድ ላይ እንዳይወጣ ግን ይፈራል” አሉት። ታናሽየው አንገቱን ደፋ። ሊመልስ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሚመልስበት ስድብ አላገኘም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ሁለቱ ውኃ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ አላስቻላትም።

“ጋሼ፣ ሌባ ነበር ያለው።”

“ሰምቻለሁ።”

“ሰካራምም ብሎታል። እርስዎ ግን አልነገሩአቸውም።”

“ምን ነገርኳቸው?”

“አንዱን እንደሚያቃጥለው፣ ሌላውን እንደሚያስፈራው።”

“አያቃጥለውም? አያስፈራውም?”

ልጅቷ አሰበች። “ያቃጥለዋል። ያስፈራዋልም።”

“እንግዲህ ሙቀቱ ደርሷል። ያኛው ደግሞ ቢደርስ ምን እንደሚሆን” አሉና በእጃቸው ወደ ነደደው ፊውዝ አመለከቱ። “እዚያ ላይ አለልሽ።”

በአገራችን ስለ ሽምግልና ሲነገር ትዕግሥት ይመሰገናል፣ ዕድሜ ይመሰገናል፣ የንግግር ለዛ ይመሰገናል። ስለ ስስነት የሚናገር ግን አልሰማሁም። በመሀል የሚገባ ሰው ራሱ ወፍራም ከሆነ፣ ክብሩን፣ ምክሩን፣ የራሱን ታሪክ በሁለቱ መካከል ከቆለለ፣ ጠበኞቹ አይነካኩም፤ ሰላም የወረደ ይመስላል። አንዱ የሌላው ሕመም ግን አይሰማውም፣ እያንዳንዱም በገዛ ሙቀቱ ይበስላል። ሽማግሎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የአጎታቸውም ልጅ ክፉ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ከመሀል ገባ ተባለ እንጂ ከመሀል ምንም አልነበረም። ጠጋኙ የሠሩት ከሁለቱም ይከብዳል። ስድቡን ይዞ ማስቀረት፣ ሕመሙን ሳይቀንሱ ማሳለፍ፣ ይህንንም ሳይዋሹ ማድረግ ለእኔ ከሽምግልና ሥራ ሁሉ ትልቁ ነው።

መግጠሙ ተጀመረ። ነጩ የሙቀት ቅባት ወጣ። ታናሽየው በጣቱ ዝቆ የሚካዋን ሁለት ፊት አልብሶ ለቀለቃት። ጠጋኙ በጨርቅ ጠረጉበት። “ቅባት ለምን እንደሚቀባ ታውቃለህ? ይህ አልሙኒየም ለዓይንህ ለስላሳ ነው፤ በማጉያ ብታየው ግን ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ አየር አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ቅባቱ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፣ ሥራው እሱ ብቻ ነው። ያለ ቅባት የሚካዋ እንቅፋት ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሲበዛም ቅባቱ ራሱ ሌላ ግድግዳ ይሆናል።”

“ለጥንቃቄ ሚካዋን ሁለት ብናደርጋትስ?” አለ ታላቅየው።

“አንዷ ሙሉ ከሆነች ሁለተኛዋ ምን ትሠራለች? ሙቀት ትይዛለች።”

ዛሬ ብዙ ሱቅ ሚካን ትቶ ግራጫውን የሲሊኮን ጎማ ሉህ ይጠቀማል። ቅባት አይፈልግም፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ለሥራ ይፈጥናል። እንደ ከመነዳሪ ያለ ጎማ አይደለም፤ ሙቀት እንዲያሳልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። ያም ሆኖ በሥርዓት የተቀባች ሚካ ከተራው ሉህ የተሻለ ታሳልፋለች፣ ጠጋኙም ከእርሷ አልተለዩም።

ብሎኖቹ ሊገቡ ሲሉ ልጅቷ ነጫጭ የፕላስቲክ ቡሾች አቀረበች። በዚህ ዓይነት ትራንዚስተር ብሎኑም የኮሌክተሩን ኮረንቲ ይሸከማል። ሚካዋ ምንም ያህል ሙሉ ብትሆን ብሎኑ ራቁቱን በአልሙኒየሙ ቀዳዳ ካለፈ ኮረንቲው በጎን ዞሮ ይደርሳል። ቡሹ ብሎኑን ከቀዳዳው ግድግዳ ይለየዋል። ጠጋኙ ቡሹን በጣታቸው እየከተቱ እንደዋዛ ጠየቁ፦ “ከእኔ ሌላ ወሬ የሚያመላልስላችሁ አለ እንዴ?”

ሁለቱም ዝም አሉ። ቆይቶ ታላቅየው “የአጎታችን ልጅ ማታ ማታ ይመጣል” አለ።

“እኔም ቤት ጠዋት ይመጣል” አለ ታናሽየው።

“ቡና አጠጡትና ስለ ዝናቡ አውሩ” አሉ ጠጋኙ።

ሁለቱ ብሎኖች የሚጠብቁት በየተራ ነው። አንዱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ሌላው ላላ ካለ የትራንዚስተሩ መቀመጫ ያዘነብላል፤ ከልክ በላይ ከተጨቆነም ብረቱ ይጎብጥና ከአልሙኒየሙ ይነሣል። ታላቅየው ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ እያለ አጠበቀ። ታናሽየውም እንዲሁ አደረገ። ልጅቷ ቴስተሩን አንሥታ አንዱን ጫፍ ከትራንዚስተሩ አካል፣ ሌላውን ከአልሙኒየሙ አስነካች። የታላቅየው ዝም አለ። የታናሽየው ጮኸ።

“አላልኩም!” አለ ታላቅየው።

ጠጋኙ እንዳልሰማ ሰው ብሎኖቹን ፈቱ። ሚካዋን ወደ ብርሃን አንሥተው ለሁለቱም አሳዩአቸው፤ ከመርፌ ጫፍ ያነሰች ብስ አለባት። “የተበሳች ሚካ አትጠገንም” ብለው ወደ ቆሻሻው ጣሏት። ከዚያ ወፈር ያለ የትራፓን ጥርስ አንሥተው ለታላቅየው ሰጡት። “ወንድምህ በባትሪ ብርሃን ያሰፋት ቀዳዳ አፏ ላይ ስለት ቀርቷል። በጣትህ ፈልገው። በእጅህ እያዞርክ ላጠው፣ በሞተር አይደለም።”

ታላቅየው የወንድሙን ቀዳዳ ዳሰሰ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ። “አገኘኋት። እዚች ጋ ናት፤ ፀጉር አታህልም።”

“የታለች? አሳየኝ እስቲ፣ ወንድም ጋሼ።”

ታላቅየው እጁን ይዞ ጣቱን እዚያው ላይ አኖረለት። ቀዳዳዋ ለሰለሰች፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያዋ ተጠረገ፣ አዲስ ሚካ ገባ። ሁለተኛው ምርመራ ዝም አለ።

ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ጠጋኙ ግን በሳጥኑ ጥግ በሽቦው የተንጠለጠለ አንድ ትንሽ ትራንዚስተር አወጡ። “ይህን ከሂት ሲንኩ ማን ነቀለው?”

“እኔ ነኝ” አለ ታላቅየው። “ድምፅ የሚያወጣ አልመሰለኝም።”

“ድምፅ አያወጣም። ሙቀት ነው የሚሰማው።” ከዚያ ለሁለቱ አስረዱአቸው። ትራንዚስተር ሲሞቅ ለመከፈት የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል፤ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ገደማ። ያ ካልተቀነሰለት ብዙ ኮረንቲ ይስባል፣ በሳበ ቁጥር ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥርም ይስባል፤ ማቆሚያ የለውም። ትንሹ ትራንዚስተር ከሁለቱ ጋር በአንድ አልሙኒየም ላይ ሆኖ ሙቀታቸውን ይካፈላል፣ ሲሞቁም ልካቸውን ዝቅ ያደርግላቸዋል። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ሁለቱ ሲነዱ እሱ ቀዝቅዞ ይቀመጣል።

ትንሹን ትራንዚስተር በመሀላቸው መልሰው እያሰሩ “እናታችሁ ደኅና ናቸው?” አሉ።

“ወረኢሉ ናቸው” አለ ታናሽየው።

“ለምን?”

መልስ የሰጠ የለም። ጠጋኙም ጥያቄውን አልደገሙም።

የመዳብ ክሩ ወጥቶ ልኩ የሆነ ፊውዝ ገባ። አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ የበራው የ100 ሻማ አምፖል በመስመሩ ላይ ተቀጥሎለት ነው። ከውስጥ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ደምቆ ይቀራል፣ ትራንዚስተሮቹም ይተርፋሉ። አምፖሉ ቦግ አለና ደበዘዘ። ከዚያ አምፖሉ ተነሥቶ ሁለቱ የተረፉት ሞንታርቦዎች ተያያዙ። እስከ ምሳ ሰዓት ዘፈኑ ሱቁን ሲንጠው ዋለ። ልጅቷ በየጊዜው ሂት ሲንኩን ትለካለች፣ ትራንዚስተሩን ትለካለች፣ በካርቶኑ ላይ ትጽፋለች። ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ አልዘለለም።

“ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ መልሱት” አሉ ጠጋኙ ሲሸኙአቸው። “ሲሞቅ ቅባቱ ይሳሳል፣ ከሥሩ ተጨምቆ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ይላላል።”

የመጀመሪያው ሥራ ሐይቅ ላይ የነበረ ሰርግ ነው። በማግስቱ ሁለቱ ሳጥኑን በአንድ ባጃጅ ይዘው መጡ፤ እናታቸውም አብረው ነበሩ። ጠጋኙ ክዳኑን አንሥተው ካቻቢቴውን ለታናሽየው ሰጡት። እያንዳንዱ ብሎን ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ጠበቀ። ልጅቷ በቴስተሩ ፈተሸችው፤ ዝም አለ።

“አባታቸው ይህን ያደርግ ነበር?” አሉ እናትየው።

“በየዓመቱ ያመጣው ነበር፤ የሰርግ ወራት ሳይገባ።”

“ማን ይክፈተው ታዲያ?” አለ ታላቅየው። “እሱ ነው ወይስ እኔ?”

“ሁለታችሁም ባላችሁበት። አንዱ ብሎኑን ይፍታ፣ ሌላው በቴስተር ይለካ። ቅባቱ ደርቆ ካገኛችሁት ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፤ ሚካዋ ከተበሳች ግን እንዳትመልሷት፣ ወደ እኔ ኑ።”

“ጥር ከመግባቱ በፊት ይሁን” አሉ እናትየው፤ ታናሽየውም ቀኑን በሂሳብ ደብተሩ ላይ ጻፈው።